ካርታ ስጠብቅ ብላይንድ በላኝ

(ስክሪን ላይ፦ ጠረጴዛ፣ የተበወዘ ካርታ፣ ሁለት የቺፕስ ክምር፣ ደቂቃ የሚቆጥር ስልክ)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የተሸነፍኩበት ማታ ነው።

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ፖከር እንጫወታለን። ገንዘብ የለበትም። የተሸነፈ በማግስቱ ማኪያቶ ይጋብዛል፣ በቃ። ቺፕስ ስል ደግሞ ድንቹን አይደለም፤ ክቧን የፕላስቲክ መጫወቻ ነው። እናቴ አንዴ በስልክ «ቺፕሴ አለቀ» ስል ሰምታ «ታዲያ እራት አትበላም?» ብላኛለች።

ውድድራችን አንድ ለአንድ ነው፤ ሄድስ አፕ የሚሉት። ሁለታችንም በ1,500 ቺፕስ እንጀምራለን። ብላይንድ ማለት ካርታችንን ሳናይ በግዴታ የምናስቀምጠው ነው። አንዱ ትንሹን፣ ሌላው ትልቁን ያስቀምጣል፤ በየዙሩ እንቀያየራለን። በ10 እና 20 እንጀምራለን። ከዚያ ስልኩ በየ10 ደቂቃው ሲጮህ ይወጣል፦ 15 እና 30፣ 25 እና 50፣ 50 እና 100፣ 75 እና 150።

ፍጻሜው ላይ የገጠመኝ ቲቸር የምንለው ልጅ ነው። ሒሳብ ያስተምራል። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

50 እና 100 ላይ ስንደርስ 1,400 ቺፕስ ነበረኝ። ደህና ነኝ ብዬ ጥሩ ካርታ መጠበቅ ጀመርኩ። በየዙሩ ለእያንዳንዳችን ሁለት ካርታ ይደርሰናል። 9 እና 3 መጣ፣ ጣልኩ፤ ማለትም ያስቀመጥኩትን ትቼ ከዙሩ ወጣሁ። ጃክ እና 4፣ ጣልኩ። ስምንት ዙር በተከታታይ ጣልኩ። አንድም ጊዜ ተወራርጄ አልተሸነፍኩም። ቁጭ ብዬ ሳየው ግን 800 ቀርቶኛል።

ስልኩ ጮኸ። 75 እና 150። እንዳጋጣሚ አስ እና 9 መጣልኝ። ትንሹ ብላይንድ እኔ ጋ ነበር። ጠቅልዬ ገባሁ፤ ያለኝን ቺፕስ በሙሉ አስያዝኩ ማለት ነው። ቲቸር ካርታውን አየ፣ ቺፕሴን በዓይኑ ቆጠረ፣ ኮል አደረገ፤ እኔ ያስያዝኩትን ያህል አስያዘ። የያዘው 10 እና 8 ነው! ፍሎፑ ላይ፣ ማለትም ለሁለታችንም በጋራ በሚገለጡት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች ውስጥ፣ 8 ወጥቶ ጥንድ ሆነለት፤ አለቀልኝ።

«በዚህ ካርታ ኮል ታደርጋለህ?» አልኩት፣ በንዴት።

«150 አስቀምጫለሁ፤ 650 ጨምሬ 1,600 ልወስድ ነው» አለኝ። «ከመቶ 41 ጊዜ ካሸነፍኩ ይበቃኛል።»

ማኪያቶውን ከፈልኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ።

(ስክሪን ላይ፦ 1,500 ÷ 20 = 75፤ 1,500 ÷ 100 = 15፤ 1,500 ÷ 150 = 10)

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። 1,500 ቺፕስ ብቻውን ምንም አይናገርም። ለትልቁ ብላይንድ አካፍሉት። መጀመሪያ ላይ 75 ብላይንድ አላችሁ። ምንም ሳትሸነፉ፣ ምንም ሳታሸንፉ፣ 75 እና 150 ላይ ስትደርሱ 10 ብቻ ነው ያላችሁ። ደሞዙ ያው ሆኖ ኪራዩ ሲጨምር ማለት ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ለአንድ ሲሆን ደግሞ ኪራዩ ይብሳል። ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ሁለቱን ብላይንድ የምትከፍሉት በዘጠኝ ዙር አንዴ ነው። ሁለት ስትሆኑ በየሁለት ዙሩ። እኛ ቤት በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 12 ዙር እንጫወታለን። ሁሉንም ብትጥሉ 9 ትልቅ ብላይንድ ሄደ። ስለዚህ 14 ብላይንድ ይዤ «አስ እስኪመጣ» ማለቴ፣ ባልጠፋ ቀን ቦሌ ታክሲ እስኪሞላ ቆሜ ስብሰባ እንደማርፈድ ነው።

አሁን ወደ አካሄዱ። 75 እስከ 30 ብላይንድ ድረስ ብዙ አልቆይም፤ ሰፊ ጊዜ ነው። ትንሹን ብላይንድ የያዘው ዲለሩ (የማደል ተራ ያለው) ነው፤ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ ይወስናል፣ ከፍሎፕ በኋላ ግን መጨረሻ ላይ። የሌላውን አይቶ መወሰን ትልቅ ነገር ስለሆነ በዚያ ተራ ብዙ ካርታ ተጫወቱ። ብቻ 40 ብላይንድ ይዛችሁ በድንጋጤ ጠቅልላችሁ አትግቡ። እሱም የኔን ያህል ጥፋት ነው።

ከ25 ወደ 15 ሲወርድ ጨዋታው ይቀየራል። ድሮ፣ ትልቁ ብላይንድ 20 ሳለ፣ ውርርዱን ወደ 60 የምታስነሱበትን አሁን ወደ ትልቁ ብላይንድ ሁለት እጥፍ ብቻ አስነሱ፤ ሰውየው ጠቅልሎ ቢመልስባችሁ በርካሽ ትወጣላችሁ። 6 እና 5 ዓይነት «ምናልባት ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ይሠራልኛል» የሚባሉ ካርታዎችም ዋጋቸው ይወርዳል። ቢሠራላችሁ እንኳ ከሰውየው የምትወስዱት ብዙ የለም።

ዋናው ግን 10 ብላይንድ አካባቢ ያለው ነው፤ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

(ስክሪን ላይ፦ ንጉሥ እና 4፤ ብላይንድ 50 እና 100፤ ሁለቱም ጋ 1,000)

ትንሹን ብላይንድ ይዛችኋል። ንጉሥ እና 4፣ ዓይነታቸው የተለያየ። አስቀያሚ ካርታ ነው። ብትጥሉ 50 ቺፕስ ታጣላችሁ፤ መቶ ጊዜ ብትጥሉ 5,000። ብትጠቀልሉስ? በደንብ የሚጫወት ሰው እዚህ ጋ ከመቶ ወደ 37 ጊዜ ኮል ያደርጋል። 63 ጊዜ ይጥላል፤ በየጊዜው 100 ታገኛላችሁ፣ 6,300። ኮል ሲያደርግ ወደ 38 በመቶ ታሸንፋላችሁ እንበል። 38 በመቶውን 1,000 አግኝታችሁ 62 በመቶውን 1,000 ስታጡ፣ በአማካይ በየጊዜው 240 ታጣላችሁ፤ 37 ጊዜ ሲሆን 8,880። ስትቀንሱት ኪሳራው 2,580 ነው።

ኪሳራ ነው፣ አዎ። ግን የመጣል ኪሳራ 5,000 ነበር። እኔ ለዓመታት መጣልን በነፃ የሚገኝ ነገር አድርጌ ነበር የማየው።

ይሄን ሒሳብ ለሁሉም ካርታ የሠራ ሰንጠረዥ አለ፤ የናሽ ቻርት ይሉታል። በ1994 የኢኮኖሚክስ ኖቤል በተሸለመው በጆን ናሽ ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው። 10 ብላይንድ ላይ ትንሹን ብላይንድ የያዘ ሰው ከግማሽ በላይ በሚሆነው ካርታ ጠቅልሎ እንዲገባ ይላል። አስ ካለበት ማንኛውም ካርታ ይገባል። ብቻ እንደ ሃይማኖት አትያዙት። ቻርቱ ያለው ምርጫ ጠቅልል ወይም ጣል ብቻ እንደሆነ ይቆጥራል፤ አንዳንዴ ኮል ብቻ አድርጎ ፍሎፕ ማየትም ስህተት አይደለም። ሰውየውም ሰው ነው። ፈሪ ከሆነ በባሰ ካርታም ጠቅልሉበት። ሁሉንም ኮል የሚያደርግ ከሆነ ጃክ እና 5ን ተዉት፤ አስ፣ ንጉሥና ጥንድ ያዙ።

ሰዓቱን ማየትም አትርሱ። 1,200 ይዛችሁ 50 እና 100 ላይ 12 ብላይንድ ናችሁ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ 75 እና 150 ሲሆን 8። በ12 ስትጠቀልሉ ሰው ይፈራል። በ3 ብላይንድ ማንም አይፈራም፤ ኮል ለማድረግ ከሦስት አንዴ ማሸነፍ ይበቃዋል፣ 7 እና 2 እንኳ በአስና ንጉሥ ላይ ወደዚያ ይጠጋል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው፦ የሚቆጠረው የትንሹ ክምር ነው። እናንተ 2,600፣ እሱ 400 ቢኖረው፣ 50 እና 100 ላይ 26 ብላይንድ አላችሁ ብላችሁ አትኩራሩ። ከሱ ልትወስዱ የምትችሉት 4 ብቻ ነው። ሁለታችሁም የምትጫወቱት በ4 ብላይንድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ሊብራተስ የሚባል የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ፕሮግራም በ20 ቀን 120,000 ዙር ተጫውቶ አራት ታዋቂ ተጫዋቾችን አሸንፏል፤ አንድ ለአንድ። ጓደኞቼ እሱን እያነሱ ትልልቅ ብለፍ (ደካማ ካርታ ይዞ በውርርድ ማስፈራራት) ሊያሳዩኝ ይሞክራሉ። እዚያ ግን በየዙሩ ሁለቱም እንደገና 200 ብላይንድ ይሞላላቸው ነበር፤ ብላይንዱም አይወጣም። እኛ ቤት ስልክ ይጮሃል።

ባለፈው ቅዳሜ «የብላይንዱን ደረጃ ከ10 ወደ 15 ደቂቃ እናድርገው» አልኳቸው። በአንድ ደረጃ 18 ዙር ስለሚደርስ ዕድል ትንሽ ይቀንሳል፣ ችሎታ ይጨምራል ብዬ ነው። ቲቸር ሳቀ። «አይ፣ ለታክሲ ይመሽብናል» አለና ካርታውን መበወዝ ጀመረ።