ቆሽቴን አሳረርከው

እሺ... እየቀዳ ነው? ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮም አለ፣ ዛሬም ቀድሞኛል። ተዉት።

እቴቴ ደህና ናት። በቴሌግራም ለጠየቃችሁኝ፣ ኦፕሬሽኑ በሰላም አልፏል። ቁስሉም ደርቋል። ያልደረቅኩት እኔ ነኝ።

ያቺ ጠዋት አልለቅ ብላኛለች። ዝናብ ነው። ቡናው ፈልቷል። እቴቴ በርጩማዋ ላይ ናት። ልትቀዳ ጀበናውን አንስታ፣ እንደያዘች ቀረች። በዚያ ብርድ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እቴቴ፣ ይፈሳል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ደህና አድርጋ ነው ያየችኝ። «ይሄ የማን ልጅ ነው? ከቤቴ አውጡልኝ!»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ሮጣ ማር በማንኪያ አፏ ውስጥ ከተተችላት። ትንሽ ቆይታ እቴቴ «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ፣ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ። የሆነውን አታውቅም።

እኛ ስንት ጊዜ ውቃቢ ነው ስንል ከረምን። ጸበል ወሰድናት። ጸበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው። ይብስባታል፣ ትጠመቃለች፣ ከዚያ ቁርስ ትበላለች፣ ይሻላታል። ዳነች እንላለን። ያዳናት ዳቦው... ኧረ ይቅር፣ እንዲህ ሳወራ ራሴም ደስ አይለኝም። ወፍራም ሆናም ነበር። ሲላት ሲላት እየበላች ነዋ። «አምሮባታል» አልን።

አዲስ አበባ ነው ኢንሱሊኖማ የተባልነው። ቆሽት ላይ የሚወጣ ዕጢ ነው። ብዙውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ አንድ ፍሬ እሸት ቡና በሉት። ከ10 9ኙ ካንሰር አይደለም። ግን በላህ አልበላህ ኢንሱሊን ይረጫል። የደም ስኳር ይወርዳል፣ አንጎል ይራባል።

ምርመራው ምን መሰላችሁ? ማስራብ! አስተኝተው እስከ 72 ሰዓት ምግብ መከልከል፣ ደም እየቀዱ። ስኳር ከ55 በታች ሲወርድ ኢንሱሊን ከሞላ ጎደል መጥፋት አለበት። የሷ አልጠፋም። ሲ-ፔፕታይድ የሚሉትን፣ ቆሽት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮ የሚያወጣውንም ያያሉ፣ ኢንሱሊኑ በመርፌ የገባ ሳይሆን የራሷ ቆሽት ያመረተው እንደሆነ ያሳብቃል። ዊፕል የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1930ዎቹ ሦስት ነገር አስቀምጧል፦ ምልክቱ፣ የወረደው ስኳር፣ ስኳር ሲሰጥ መመለስ። ሦስተኛውን ጎረቤታችን በማንኪያ ሠርታዋለች።

ሐኪሙ «ቆሽት» ሲል ደግሞ ሳቄ መጣ። ልጅ ሆኜ በቀን ስንቴ ነው «ቆሽቴን አሳረርከው» የምትለኝ! ኮሪደር ወጥቼ ብቻዬን ሳቅኩ። በኋላ ሳቅ አልነበረም።

«ስኳር ሲወርድ ሰው ይዘባርቃል» ብሎኛል። አምናለሁ። ግን ለምን ያንን? እናቴ ሞታ ወደዚህ ቤት ስመጣ 6 ዓመቴ ነበር። በሩ ላይ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። የሆነ ሰው «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይሆን? ወይ አሁን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ትናንት ልጠይቃት ቆርጬ ነበር። አፌን ስከፍት «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለችኝ።

ሁለት ነው እኮ። ሁልጊዜ ሁለት ነው። ዝም ብላ ጠይቃ ይሆናል፣ ሰው... ይሄ ዶሮ ደግሞ—