እጁን መቼ አወጣ? የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭን ሥራ እንዴት እንከታተል

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች? ዛሬ ስለ እጅ ነው የምናወራው። አዎ፣ ስለ እጅ። ምክር ቤት ውስጥ ስለሚወጣ እጅ።

አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ ሲናገር ሁላችንም እንሰማዋለን። ንግግሩ ይቆረጥና ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ሙዚቃ ይገባለታል፣ "ጀግና!" እንላለን። ጥሩ ነው። ግን ያ ሰው ተናግሮ ከተቀመጠ በኋላ ምን አደረገ? አፈ ጉባኤው "የምትደግፉ" ሲሉ እጁን አወጣ? "የምትቃወሙ" ሲሉስ? ወይስ ከነጭራሹ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም?

ንግግሩን እናውቀዋለን። እጁን አናውቀውም። የዛሬው ቪዲዮ ይህ ነው።

ወደ ምክር ቤቱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ትልቅ መዝገብ ነበረው። ለቅሶ ሲኖር፣ ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። "አቤት" ያለ ጭረት ይደረግለታል። ድምፁ ያልተሰማ "ቀ" ይጻፍበታል፣ ቀረ ማለት ነው። አስቀድሞ ያስፈቀደ "ፈ" ይጻፍለታል። ሦስት ምልክት፦ ጭረት፣ ቀ፣ ፈ። "ቀ" ቅጣት አለው።

አንዳንዱ ታዲያ ስሙ እስኪጠራ ብቻ ይጠብቅና "አቤት" ብሎ ሹልክ ይላል። ድንኳን ሲተከል የለም፣ ወንበር ሲመለስም የለም። መዝገቡ ላይ ግን ጭረት አለው። ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብረት ድስት ሲሸከም ያድርና፣ ስም በሚጠራበት ሰዓት ውኃ ሊያመጣ ሄዷል። "ቀ" ይጻፍበታል! ስለዚህ አባቴ የመዝገቡ ዳር ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። "ሌሊት ሲሠራ አድሯል።" "ታሟል።" "አገር ቤት ሄዷል።" ይህችን የዳር ማስታወሻ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን የታሪኩ ዋና ክፍል። አንድ እሑድ ወርሃዊ መዋጮው ይጨመር አይጨመር ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ጎረቤታችን ተነሱ። "ጡረተኛው ከየት ያመጣል? ልጅ የሚያሳድገው ከየት ያመጣል?" አሉ። ሰው አጨበጨበ፣ እናቶች እንባ ቀረሽ ሆኑ። ከዚያ እጅ ተቆጠረ። አባቴ የጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፦ የደገፈ ይህን ያህል፣ የተቃወመ ይህን ያህል። ጭማሪው አለፈ።

በሳምንቱ ሰፈሩን ብትጠይቁ ሁሉም ሰው "እኔማ ተቃውሜ ነበር" ይላል። ሁሉም! ሁሉም ከተቃወመ ማን አሳለፈው?

እኚያ ጎረቤትስ? ከዓመታት በኋላ አባቴ ቡና ላይ ነገረኝ። "ለድጋፍ እጃቸውን ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ስም አልጻፍኩም፣ ቁጥር ነው የጻፍኩት" አለኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ንግግራቸውን ነው።

[ምስል፦ የምክር ቤቱ አዳራሽ]

እሺ፣ ወደ ምክር ቤቱ እንግባ። የካቲት 23 ቀን 2010፣ የዓድዋ ድል በዓል ዕለት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት እንዲህ ያለ አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልገዋል። በወቅቱ የነበሩት አባላት 539 ናቸው። ሁለት ሦስተኛው 360 ይመጣል።

አፈ ጉባኤው አቶ አባዱላ ገመዳ ውጤቱን አነበቡ። ድጋፍ 346፣ ተቃውሞ 88፣ ድምፀ ተአቅቦ 7። ሰው ወዲያው ካልኩሌተሩን አወጣ። 346 እኮ ከ360 ያንሳል! ማኅበራዊ ሚዲያው ተቀጣጠለ። ኋላ ላይ ደግሞ ስህተት ነው፣ ድጋፉ 395 ነው ተባለ። 395፣ 88 እና 7 ሲደመር 490 ነው። በዕለቱ የተገኙት አባላት ቁጥር ይህ ነው ተባለ።

የስም ዝርዝር ቢኖር ይህ ሁሉ ክርክር በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እከሌ ደገፈ፣ እከሊት ተቃወመች፣ እንትና ተአቀበ። ተቆጥሮ ያልቃል።

ደግሞ ይህን አስተውሉ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም መቀመጫ የወሰዱት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ናቸው። ተቃዋሚ ፓርቲ አንድ ወንበር እንኳ የለውም። ታዲያ 88ቱ የተቃውሞ እጆች ከየት መጡ? ከዚያው ከገዥው ወገን። ለእኔ ከዚያ ዘመን ምክር ቤት ትልቁ ዜና ይህ ነው። እኛ የተነገረን ግን ቁጥሩ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ምክር ቤት ደግሞ አስቡት። ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ አንድ ብቻ ነበሩ፣ መድረክ ከሚባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት አቶ ግርማ ሰይፉ። አንድ የግል ተመራጭም ነበሩ፣ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ከ547 ሁለት ሰው! ያኔ "በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ" የሚል ዜና ብትሰሙ እጁ የማን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

በ2013 ምርጫ ነገሩ ተለወጠ። ሐምሌ ላይ በተነገረው ውጤት ብልጽግና 410፣ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተመራጮች 4 መቀመጫ አገኙ። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይላል። ግን ለሚከታተል ሰው ሥራው ከበደ። ለምሳሌ "በ6 ተቃውሞና በ3 ተአቅቦ" ቢባል ስድስቱ እነማን ናቸው? የእኔ ተመራጭ ከስድስቱ ነው ወይስ ከሦስቱ? ወይስ ከደገፉት ጋር ነው? ጥቂት ሲሆኑ ይታዩ ነበር፣ ትንሽ ሲበዙ ተሰወሩ።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ ብዬ ቶሎ ልለፈው። ረቂቅ አዋጅ ይቀርባል፣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ያወያያል፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል፣ ክርክር ይደረጋል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ቁጥር ወጥቶለት ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። የሥራ ዘመኑ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስብሰባው በሕጉ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ብዙው በቴሌቪዥን ይተላለፋል። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር ነው። ቀኑን፣ አጀንዳውን፣ ሰውየው የተናገረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የጠየቀውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ እጁን። ካሜራው እጁን ካላሳያችሁ "አልታየም" ብላችሁ ጻፉ። "ደገፈ" ብላችሁ አትገምቱ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥያቄ ላይ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲቀርቡ የአባላቱ ጥያቄ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይቀርባል፣ መልሱም አንድ ላይ ይመጣል። ረጅም ነው፣ አንዳንዴ ሰዓታት ይወስዳል። በዚያ መሃል የእናንተ ተመራጭ ጥያቄ ተመለሰ ወይስ ተዘለለ? መልሱ ሲያልቅ ጥያቄውን ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ ጥያቄውን ጻፉና ቪዲዮውን ዳግም አጫውቱት። መልሱ የት ደቂቃ ላይ ነው? ካገኛችሁት ደቂቃውን መዝግቡ። ካላገኛችሁት "አልተመለሰም" በሉ። ይህን አንዴ ብቻ ሞክሩት፣ ዜና የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

እዚህ ጋ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። እኔ የምጠቀምበትን ሰንጠረዥ ከቪዲዮው ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ገልብጣችሁ ውሰዱት።

አሁን አንድ ነገር። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ከመጡት አስተያየቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ነበሩ። "ተቃዋሚ ሆኖ ደገፈ፣ ተሸጧል።" "እጁን አወጣ፣ አለቀለት።" ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወገኖቼ፣ ተቃዋሚ ማለት ሁሉን ነገር የሚቃወም ማለት አይደለም። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ብዙ የብድር ስምምነቶችን ያጸድቃል። ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለጤና የዓለም ባንክ አካል ከሆነው ከዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር የሚመጣ ብድር በአዋጅ ነው የሚጸድቀው። የእናንተ ተመራጭ ለወረዳችሁ የውኃ ፕሮጀክት ብድር እጁን ቢያወጣ ምኑ ነው የተሸጠው? አንድ ሰው "ከ40 አዋጅ 35ቱን ደግፏል" ቢላችሁ፣ መጀመሪያ 35ቱ ምን ምን እንደሆኑ ጠይቁ። ሠላሳው ብድርና የትብብር ስምምነት ከሆነ ያ ቁጥር ስለ ሰውየው አቋም ብዙ አይነግራችሁም። ከ40ው የቀሩት አሥሩ ናቸው የሚነግሯችሁ። ስለ ምርጫ፣ ስለ ሚዲያ፣ ስለ አስቸኳይ ጊዜ፣ ስለ በጀት ሲሆን እጁ የት ነበር?

ድምፀ ተአቅቦንም እንዲሁ። "ፈሪ ነው" ትሉታላችሁ። አንዳንዴ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ግን ሰው የሕጉን ዓላማ ደግፎ አንድ አንቀጽ ሊጎረብጠው ይችላል። ለዚህ ነው ንግግሩና እጁ ጎን ለጎን መጻፍ ያለባቸው። ተአቅቦ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከንግግሩ ጋር ስታዩት ይገባችኋል። "አንቀጽ እንዲህ ካልተስተካከለ አልደግፍም" ብሎ ከተአቀበ አቋም ነው። ምንም ሳይናገር ከተአቀበ ሄዳችሁ ጠይቁት።

ከ2010 ወዲህ እኮ "ተቃዋሚ" የሚለው ቃል ራሱ "በተፎካካሪ" እየተተካ ነው። እኔ በቃሉ ብዙ አልጣላም። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የተጻፈውን አትርሱ። የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ለቲክቶክ ጭብጨባ አይልም። ይህ የምትወዱትንም የማትወዱትንም ይመለከታል። የገዥው ፓርቲ አባልንም ጭምር። 88ቱን አስታውሱ።

በውጭ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ፣ እዚያ አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ በሁለት የተለያዩ መተላለፊያዎች ያልፋሉ። የሚደግፍ በአንዱ፣ የሚቃወም በሌላው። የእያንዳንዱ ስም ይመዘገባል፣ ይታተማል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ደግሞ "ዜይ ወርክ ፎር ዩ" የሚባል ድረ ገጽ አለ። የመንደራችሁን የፖስታ ኮድ ስታስገቡ የተመራጫችሁን ድምፅ፣ ንግግር፣ የጽሑፍ ጥያቄ በአንድ ገጽ ያወጣላችኋል። እስራኤል ያላችሁም፣ በክኔሴት ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ነው የሚሰጠው፣ ስም በስም ይታያል። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ፖለቲከኛ ፕኒና ታማኖ ሻታን የምትከታተሉ ሰዎች ይህን ታውቃላችሁ። በ2013 በፈረንጅ አቆጣጠር ክኔሴት ገቡ፣ በ2020 ሚኒስትር ሆኑ፣ ተቃዋሚ ወንበር ላይም ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ወንበሩ ሲቀያየር ድምፁ ተቀየረ ወይ? የሚለውን ስም በስም ማየት ይቻላል። ይህ እንዴት ያስቀናል!

ግን እዚያም ቢሆን ስሙ የሌለ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ "ተአቅቤያለሁ" ብሎ የሚያስመዘግቡበት ቦታ የለም። ሁለት ተፃራሪ አባላት ተስማምተው በአንድነት ሊቀሩም ይችላሉ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጣፋል። ዝርዝሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱንም "ቀሩ" ይላቸዋል።

እንግዲህ ወደ አባቴ መዝገብ ልመለስ። የዳር ማስታወሻዋን ያዙልኝ ብዬ ነበር።

እኔ ከማደርጋቸው ሰንጠረዦች አንዱ የአቶ ክርስቲያን ታደለ ነው። በ2013 ምርጫ በአብን የተመረጡ ናቸው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን በሰብሳቢነት መርተዋል። ይህ ኮሚቴ በዋና ኦዲተር ግኝት ላይ መሥሪያ ቤቶችን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ነው። ለእኔ የተቃዋሚ ተመራጭ ትልቁ ሥራ እዚህ ነው ያለው፣ ከማንኛውም የአዳራሽ ንግግር ይበልጣል። ኃላፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ "ይህ ገንዘብ የት ሄደ?" ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም ይመዘገባል።

በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ባዶ ነው። ንግግር የለም፣ ጥያቄ የለም፣ እጅ የለም።

አንድ ኮምፒውተር ይህን ዓምድ ቢያነብ "ከሁሉ ያነሰ ተሳትፎ" ብሎ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ጭረት የለም፣ ሁሉም "ቀ" ነው። እኔ "ቀ" አልጻፍኩም። ከዓምዱ ዳር፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከነወሩ "ታስረዋል" ብዬ ጽፌያለሁ።

የእናንተን ሰንጠረዥ ስትጀምሩ ዳሩን ሰፋ አድርጋችሁ አስምሩት። የሳምንት ሰው ይበለን፣ ቻው!