ቦቲ ይዛችሁ ኑ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔም የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ስለ ተግባር ልምምድ አውሪ ተብዬ መጥቻለሁ። ከሀፍረቴ ልጀምር።

ለልምምድ አንድ የወረዳ ክሊኒክ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት ላማቸውን እየጎተቱ መጡ። ሙቀቷን ለካሁ፤ 38.5 ዲግሪ። ልቧም ትንፋሿም ደህና። «ምንም የለባትም» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። «ልጄ፣ ካመሰኳች እኮ ሦስት ቀኗ ነው።»

መች ጠየቅኳቸው!

ነባሩ ቴክኒሻን እጄን ያዘና ጡጫዬን በግራ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ ኋላ ካለው ስርጉድ ላይ አስደገፈው። «ጠብቂ» አለኝ። የጤነኛ ላም ጨጓራ በደቂቃ አንዴም ሁለቴም እጅን ገፋ ያደርጋል። ጠበቅኩ። ምንም። ስጫነው እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ጉዳይ በፈተና ኤ አግኝቻለሁ እኮ!

ጎኗ በመርፌ ደንዝዞ፣ እንደቆመች ተከፈተ። ሐኪሙ «በይ እጅሽን ስደጂ» አሉኝ። እስከ ብብቴ ገባሁ። ያወጣሁት ፌስታል ነው። ፌስታል፣ ሲባጎ፣ የማዳበሪያ ክር፣ እንደገና ፌስታል። የከተማ ላም አይደለች፣ ውሎዋ ቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፌቱን ስፈታላት እያመሰኳች ነበር።

እና ክረምት ሲመጣ ቤት አትቀመጡ። ክሊኒክ ሄዳችሁ «ልርዳችሁ» በሉ። መጀመሪያ ገመድ ያስይዟችኋል፣ መዝገብ ያስጽፏችኋል፣ እበት ያስጠርጓችኋል። አትኩረፉ። ወይፈን ማሰር ያልቻለ መርፌ መውጋት አይችልም። ጋሪ መቆሚያም ሂዱ። አህያ ሕመሙን ይደብቃል፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም ያለ አህያ ሆዱን እየቆረጠው ሊሆን ይችላል። ይህን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብተር ያዙና ባለቤቱ መጀመሪያ ያለውን ቃል በቃል ጻፉ።

ሁለት ነገር ግን ቀልድ የለውም። ውሻ መንካት ሳትጀምሩ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ተከተቡ። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የሚፈሰውን ከብት ደግሞ እንዳትከፍቱት፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ለማየት ብትጓጉም።

እኔ ጋ በዚህ ክረምት ለሁለት ተማሪ ቦታ አለ። ክፍያ የለውም፤ ምሳ አለ። ቦቲ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።