ሩብ ኪሎ ወይን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው ድምፄን የምቀዳው፤ የሰፈሬ የኪፕሴሊ ሞተር ሳይክሎች ድምፅ ከገባ ታገሡኝ።

ስለ ወይንና ስለ ሚዛን ላወራችሁ ነው። አቴንስ ከመጣሁ ወዲህ ክብደቴ እየጨመረ ሄደ። ሐኪሜ "ስኳር ቀንሺ" አለችኝ። ለስላሳ ተውኩ። ቡናም ያለ ስኳር ለመድኩ። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር የምጠጣትን ወይን ግን መተው አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ በሰው አገር ስንሮጥ ሰንብተን፣ በአማርኛ የምንስቀው በዚያች ማታ ነው።

እኔ ደግሞ የማውቀው ወይን ጣፋጭ ነው። አገር ቤት ለበዓል አክሱሚት ሲቀዳ ነው ያደግኩት። እዚህም ሱቅ ስገባ "ጣፋጭ አለ?" ብዬ ነበር የምጠይቀው። የሳሞስ ደሴትን ሙስካት ይሰጡኛል። ማር በሉት! ግን እንዲህ ያለ ወይን በሊትር 200 ግራም አካባቢ ስኳር አለው። በ125 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 25 ግራም ማለት ነው፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ። ቡናዬ ላይ የተውኩትን ስኳር ማታ ስጠጣው ከርሜአለሁ። የሳንቶሪኒ ደሴቱ ቪንሳንቶም፣ የፓትራ ከተማው ማቭሮዳፍኒም ያው ጣፋጮች ናቸው። ቪንሳንቶ የወይን ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ ስለሚጠመቅ ስኳሩ ይከማቻል።

አንድ ቀን ሰፈሬ ካለው ካቫ ገባሁ። ካቫ የሚሉት የመጠጥ ሱቁን ነው። ሽማግሌው ሻጭ ነገሬን ሰምተው፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ አሽቺው" ብለው ትንሽ ቀዱልኝ። ሞስኮፊሌሮ ይባላል፤ ከፔሎፖኔዝ፣ ከማንቲኒያ ደጋ የሚመጣ ነጭ ወይን ነው። ጽጌረዳ ይሸታል! ስጎነጨው ጣፋጩን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ሎሚ ሎሚ አለኝ። አፍንጫዬ ግን ረክቶ ነበር። ጣፋጭ ነገር የምፈልገው ምላሴ ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ነው የገባኝ።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቃል አሳዩኝ፦ "ክሲሮስ"። በግሪክኛ ድራይ፣ ጣፋጭ ያልሆነ ማለት ነው። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ ክሲሮስ ወይን በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ነው የሚይዘው፤ አሲዱ ከፍ ካለ እስከ 9 ይፈቀድለታል። "ኢሚክሲሮስ" ከዚያ ይበልጣል፣ "ኢሚግሊኮስ" ወደ ጣፋጩ ይሄዳል፣ "ግሊኮስ" ሙሉ ጣፋጭ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። አረፋ ያለው ወይን ላይ ይኸው ክሲሮስ የሚለው ቃል ከ17 እስከ 32 ግራም ማለት ነው። እዚያ "ብሩት" የሚለውን ፈልጉ፣ ከ12 ግራም በታች ነው።

አሁን ቆይቶ የገባኝን ልንገራችሁ። ስኳሩ የት ሄደ? ጠጅ የጣለ ሰው ያውቀዋል። ብርዙ ጣፋጭ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ጣፋጩ ይቀንስና ይጠነክራል። ስኳሩ አልኮል ሆነ ማለት ነው። አልኮል ደግሞ በግራም 7 ካሎሪ አለው፣ ስኳር 4። ስለዚህ 12 በመቶ የሆነ ሞስኮፊሌሮ በብርጭቆ ከአልኮሉ ብቻ 80 ካሎሪ ያልፋል። የሳንቶሪኒው ነጭ ወይን አሲርቲኮ ብዙ ጊዜ 14 በመቶ ይደርሳል፤ እሱ ወደ 100 ይጠጋል። ከስኳር የሚመጣው ሁለት ካሎሪ ቢሆን ነው።

አሲርቲኮን ግን እወደዋለሁ። በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ፣ ዝናብ በሚያጥርበት ነው የሚበቅለው። ነፋሱ እንዳይገነጥለው ግንዱን እንደ ቅርጫት እየጠመዘዙ መሬት ላይ ያሳድጉታል፤ ፍሬው መሃል ይደበቃል። ጨው ጨው የሚል ነገር አለው፣ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ልዩ ነው። ቀይ ለሚወድ የናውሳ ክሲኖማቭሮ አለ፣ እሱም ድራይ ነው። ሬትሲና ደግሞ የጥድ ሙጫ ይገባበታል። መጀመሪያ ቀን ዕጣን ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዲሴምበር 8 ቀን 2023 ወዲህ የተመረተ የአውሮፓ ወይን ካሎሪው መለያው ላይ መጻፍ አለበት። የቀረውን ኪውአር ኮዱን ስታነሡ ታገኙታላችሁ። እኔ አሁን ከዋጋው በፊት እሱን ነው የማየው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ፣ አደራ።

ታቨርና ላይ መለያ የለም። የቤቱ ወይን "ሂማ" ይባላል፣ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። እኛ ሁሌ የምናዘው ግማሽ ኪሎ ነበር፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ። ባለፈው ቅዳሜ "ክሲሮስ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ነው አለኝ። "እንግዲያው ለእኔ ሩብ ኪሎ፣ ከውሃ ጋር" አልኩት። ጓደኞቼ ዞር ብለው አዩኝ። አንዷ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ "ለእኔም ሩብ" አለችው።