ባትነግሪኝ ምን ነበር?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የተነሣሁት ስለ ቸኮሌት ሙስ፣ በተመታ ክሬም ስለሚሠራው ቀዝቃዛ ጣፋጭ፣ ላወራችሁ ነው፤ ሆኖም ከፋሲካ ምሳ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ እርሱን ትቼ ስለ ሙሱ ብቻ ማውራት የምችል አይመስለኝም። ወንድሜ እንደ ልማዱ ከዋሽንግተን ቫይታሚን እንዲያመጣ ታዞ ቤይሊስ የተባለውን ክሬም ሊኬር፣ ውስኪና ክሬም ያለበትን ጣፋጭ መጠጥ፣ ይዞ መጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልጨምርም፤ እናንተም እስካሁን የሳቃችሁት ይበቃል።

ሃምሳ አምስት ቀን ወተትና ቅቤ ያልቀመሰ ሰው ፊት የሚቀርብ ጣፋጭ ቀለል ያለ መሆን የለበትም የሚል እምነት አለኝ። ስለዚህ 250 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 400 ሚሊ ሊትር ክሬም እና 160 ሚሊ ሊትር ቤይሊስ ለስምንት ብርጭቆ አዘጋጀሁ። ከክሬሙ ሩቡን አሙቄ በተከተፈው ቸኮሌት ላይ አፈሰስሁና ጥቂት ቆይቼ ከመሐል ወደ ዳር እያማሰልሁ አለሰለስሁት። ቤይሊሱ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ድብልቁ ለብ ሲል ነው። ብቻውን በቀለጠ ቸኮሌት ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ ብታደርጉ ዓይናችሁ እያየ ይቋጠራል፤ ጥቂት ውሃ የስኳሩንና የካካዎውን ቅንጣቶች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋልና። ፈሳሹ ሲበዛ ደግሞ መልሶ ይላላል፤ ቸኮሌት ትንሽ ውሃ አስኮርፎት ብዙ ውሃ የሚያስታርቀው እንግዳ ፍጥረት ነው። የቀረውን ክሬም ቀዝቃዛ እንደሆነ መትቼ፣ ጫፉ ዘንበል ማለት ሲጀምር አቁሜ በቀስታ አዋሃድሁት፤ ከዚያም ማቀዝቀዣ ውስጥ አደረ። ያቺ የምታውቋት ማቀዝቀዣዬም ለአንድ ሌሊት ክብሯን ጠበቀች።

የአክስቴ ልጅ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ቢደረግበት ክብደቱን ይቀንሳል ብላ መክራኝ ነበር። ሎሚን ከክሬም ሊኬር ጋር የቀላቀለ ሰው የሚጠብቀውን ያውቃል፤ አሲዱ የወተቱን ፕሮቲን ያረጋዋል፣ ብርጭቆውም አይብ በአይብ ይሆናል። ይህን የምለው ለእርሷ ነው፤ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ።

ወደ ምሳው ልመለስ። ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዤ ስወጣ ለሁሉም ጮክ ብዬ «ቤይሊስ አለበት» ብያለሁ፤ የታችኛው ቤት እትዬ ግን ያኔ እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሥተው ስለነበር አልሰሙም። መጠጥ በአፌ አይገባም ብለው ለቅዱስ ገብርኤል ስለት ከገቡ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጠላ እንኳ አይቀምሱም። ተመልሰው ተቀመጡ፣ ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ማንኪያውን ከዳር በኩል አስገብተው አወጡት። ሙሱ ማንኪያው ላይ ቅርጹን ሳይለቅ ቆሟል፤ የረጨሁበት የቸኮሌት ፍርፋሪም ጫፉ ላይ አለ። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት «እትዬ፣ እርሱ እኮ መጠጥ አለበት» አልኋቸው።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «በእሳት አላለፈም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳት ያለፈው ክሬሙ ብቻ እንደሆነና መጠጡ የገባው ድብልቁ ከበረደ በኋላ እንደሆነ ነገርኋቸው። ማንኪያውን አዩት፣ እኔንም አዩኝ፤ ከዚያ ያለ ቁጣ፣ እንዲያውም ፈገግ ያሉ እስኪመስለኝ ድረስ፣ «ምነው ልጄ፣ ባትነግሪኝ ምን ነበር?» አሉ። ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ መልሰው ብርጭቆውን ወደ ወንድሜ ገፋ አደረጉት። ወንድሜም ሁለቱንም በላ።

በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። ማንም አልተቀየመም፤ ቡናውም እስከ በረካ ተጠጣ። እኔ ግን ያን አነጋገር ደጋግሜ እያነሣሁ እጥለዋለሁ። አንዳንዴ ተራ ጨዋታ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ሳያውቁ የቀመሱት ስለታቸውን እንደማያፈርስ አስበው፣ ያቺን አንዲት ማንኪያ ከልባቸው ፈልገዋት ነበር እላለሁ። ሲመሽ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፦ ዝም ብዬ ብርጭቆውን ባነሣው ኖሮ በሰው ፊት እምቢ ከማለት አድናቸው ነበር ይሆን? ግን ምን ብዬ ላነሣው? የደገሰ ሰው ለምን ይህን ሁሉ እንዲሸከም ይፈረድበታል? ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ።

«በእሳት ካለፈ» የሚለው ነገር ራሱ ሰላም አይሰጥም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሠንጠረዥ አለ፤ በእርሱ መሠረት ትኩስ ፈሳሽ ላይ የተጨመረ መጠጥ 85 በመቶ የሚሆነው አልኮል ይቀርለታል፣ ሳይሞቅ ተጨምሮ ያደረ ደግሞ 70 በመቶ። አንድ ሰዓት የተንተከተከ ምግብ እንኳ 25 በመቶውን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የተንተከተከ ደግሞ 5 በመቶውን ይዞ ይቀራል። ቤይሊስ 17 በመቶ አልኮል ስላለው በእኔ አንድ ብርጭቆ ውስጥ መጀመሪያ 3.4 ሚሊ ሊትር፣ ካደረ በኋላ 2.4 ገደማ ንጹሕ አልኮል ነበረ ማለት ነው፤ ባለ 5 በመቶ አንድ ጠርሙስ ቢራ ከሚይዘው አንድ ሰባተኛ ያህል። ይህን ስሌት ሠርቼ ስጨርስ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም፤ ስለት በሚሊ ሊትር አይለካማ።

ጠርሙሱ አሁንም ፊቴ ስላለ ላንብብላችሁ፤ «አር. ኤ. ቤይሊ» የሚል ፊርማ አለበት። እንዲህ የሚባል ሰው በሕይወት ኖሮ አያውቅም። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ዴቪድ ግለክማን እና ሂው ሲሞር-ዴቪስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለአንድ የአየርላንድ ኩባንያ አዲስ መጠጥ እንዲያስቡ ታዘዙ፤ ከሱቅ ጄምሰን ውስኪና ክሬም ገዝተው ቀላቀሉት፣ ጣዕሙ ስላልጣማቸው ስኳርና የሚጠጣ ቸኮሌት ዱቄት ጨመሩበት፣ እርሱ ነው በዓመቱ ገበያ የወጣው። ስሙን ያገኙት ከአንድ ምግብ ቤት ነው። ያለ ሰው የተፈረመ ፊርማ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲዞር ማንም ቅር አላለው፤ እኔ ግን እውነቱን ተናግሬ ሰው ፊት ባትነግሪኝ እባላለሁ። ንጽጽሩ ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። ወንድሜ በሚቀጥለው አማሩላ ላምጣልሽ ብሏል፤ የደቡብ አፍሪካው፣ ከማሩላ ፍሬ የሚሠራው፣ ዝሆን ያለበት። ፍሬ ፍሬ ስለሚል ከነጭ ቸኮሌት ጋር ሳይስማማ አይቀርም፤ ግን አሁን ይህን አላነሣም።

ማንሣት የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ዕቃ ሳጥብ ነው የታሰበኝ። የዚያን ዕለት ዶሮ ወጡን የሠራችው አክስቴ ናት፤ አክስቴ ደግሞ ቁሌቱ ሲበስል ጠጅ ጠብ ሳታደርግበት ዶሮ ሠርታ አታውቅም፤ ምስጢሯ እርሱ እንደሆነ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ሁለት ጊዜ ጨምረው በሉ፣ አክስቴንም መረቁ። አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም፤ እኔም ያኔ ትዝ አላለኝም። እርግጥ ነው ወጡ ረጅም ሰዓት ተንተክትኳል፣ ጠጁም ጥቂት ነው። ነገር ግን ስለ ሙሱ የተናገርሁ ሰው ስለ ወጡ ዝም ልል ነው? ወይስ ወርጄ በራቸውን አንኳኩቼ «እትዬ፣ ያ ዶሮም…» ልበላቸው? ከዚያ በኋላ በማን ቤት ወጥ ተረጋግተው ይበላሉ? አክስቴስ ምን ትለኛለች? አይ፣ እርሷን እንኳ ተዉት።

ለጊዜው ያሰብሁት ይህን ነው፦ ለሚቀጥለው ግብዣ ያለ ቤይሊስ እሠራላቸዋለሁ፤ ወፍራም ቡና አፍልቼ ከጣፋጭ የታሸገ ወተት ጋር አዋሕጄ በቤይሊሱ ቦታ አስገባዋለሁ። ጣዕሙ ይቀራረባል፤ አንድ ዓይነት ነው ግን አልልም፤ ውስኪው ጉሮሮ ላይ የሚተወውን ሙቀት ቡና አይተካውም። ደግሞ ቡናው ውሃ ስለሚበዛው ሙሱን ያቀጥነዋል፣ ሳይረጋም ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ጄላቲን ያስፈልገዋል። ጄላቲኑ ደግሞ የላም ይሁን የአሳማ ፓኬቱ ላይ አልተጻፈም፤ እትዬም ማንኪያቸውን አንሥተው «ምኑ ነው እንዲህ ያረጋው?» ብለው ከጠየቁኝ…

ቆይ፣ እርሱን ሳላጣራ ምንም አልልም።