ሦስት ጭረት ያላት «ጂ»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የቻይንኛ ፊደል ብቻ ነው። «ጂ» ትባላለች። ሦስት ጭረት ናት፣ አለቀ።

በጥንቱ የጽሑፍ ቻይንኛ የእኛን «የ» ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። የዛሬ ሰው ሲያወራ ግን በሷ ፋንታ «ደ» ይላል። «የእማማ ስልክ» ለማለት «ጂ»ን ብታስገቡ ይሳቅባችኋል። «ስልክ ዘእማማ» ያላችሁ ያህል ነው። «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ሲባል ግን ማንም አይስቅም። እነሱም ግርማ ሲፈልጉ «ጂ»ን ይጠራሉ። አንድ ታዋቂ የመኪና ድረ ገጽ እንኳ «ቺቸ ጂ ጂያ» ይባላል፣ «የመኪና ቤት» እንደማለት። ባለቤቱ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ በዚህስ ከግዕዙ ይልቅ ለአማርኛችን ትቀርባለች።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ይቺ የሊቃውንት ፊደል ገበያም ትወጣለች። ሰማንያ ፐርሰንት ለማለት «ባይ ፈን ጂ ባሺ» ይላሉ። ቃል በቃል «የመቶ ክፍል ሰማንያ» ነው። የስልኩ ባትሪ ስንት እንደቀረው የሚነግራችሁ ልጅ ሳያስበው ጥንታዊ ቻይንኛ እያወራ ነው። ፈረንጅኛ የለመደ ሰው መቶው ሲቀድምበት ግር ይለዋል። እኛ ምን ቸገረን? «ከመቶ ሰማንያ» እያልን አይደል ያደግነው!

ውበቷን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በእጅ ጽሑፉ ውበት የታወቀው ቻይናዊ ዋንግ ሺጂ አለ። በ353 እ.ኤ.አ. ዛሬ ሻውሺንግ በሚባለው ከተማ አጠገብ፣ ላንቲንግ ላይ፣ ወዳጆቹን ሰብስቦ ወንዝ ዳር ተቀመጠ። የወይን ጠጅ ጽዋ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ፊቱ የቆመበት ሰው ግጥም ይገጥማል፣ ካልሆነለት ይጠጣል። (ቅጣቱ ቅጣት አይመስልም።) ለግጥሞቹ መግቢያ የጻፈው እሱ ነው። እዚያች አጭር ጽሑፍ ውስጥ «ጂ» ወደ ሃያ ጊዜ ትመጣለች፣ አንዷም ሌላዋን አትመስልም። አንዷ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ አንዷ ጅራቷን ትጎትታለች፣ ሌላዋ ኩምትር ብላለች። ዋናው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምናየው ቆየት ብለው የተገለበጡ ቅጂዎችን ነው።

የራሱ ስም መጨረሻም ያቺው «ጂ» ናት። እንደሱ በእጅ ጽሑፍ የታወቀው ልጁ ዋንግ ሺየንጂም ስሙ በሷ ያልቃል። በቻይና ወግ ልጅ የአባቱን ስም ፊደል መድገም ነውር ነበር። እነዚህ ቤት ለምን እንደተፈቀደ ሊቃውንቱ ሲመራመሩበት ኖረዋል።