ዳታችሁ ማን ጋ ነው ያለው?

መንግሥት መሥሪያ ቤት ስትቀጠሩ ቅጽ ትሞላላችሁ አይደል? አድራሻ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ አሻራ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የት የት እንደሚዞር ማንም አይነግራችሁም። በአንዳንድ አገር ደመወዝ የሚሠራው አንድ የግል ድርጅት ነው፣ የኋላ ታሪካችሁን የሚያጣራው ሌላ፣ ስትዛወሩ ጓዛችሁን የሚያስጭነው ደግሞ ሌላ። ኮንትራት አሸንፈው የገቡ ናቸው፤ እናንተ አልመረጣችኋቸውም፣ ምናልባት ስማቸውንም አታውቁም።

መረጃ ከእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች እጅ ሲያፈተልክ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፤ ከቀላሉ ልጀምር (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። 2011፣ ሳን አንቶኒዮ፣ አሜሪካ። የአንድ ኮንትራክተር ሠራተኛ መኪና ውስጥ የነበሩ የባካፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ቴፖች ተሰረቁ። በቃ! ሃከር የለ፣ ቫይረስ የለ። ቴፖቹ ላይ ግን ወደ 4.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የጦር ሠራዊት አባላት፣ ጡረተኞችና ቤተሰቦቻቸው የሕክምና መረጃ ነበረ፣ ከ1992 ጀምሮ የተጠራቀመ።

ይቺን «ከ1992 ጀምሮ» ያዙልኝ። 2023 ላይ ካናዳ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞችን ዝውውር የሚያስፈጽሙ ሁለት ድርጅቶች ሲጠለፉ፣ የተጋለጠው መረጃ እስከ 1999 ወደኋላ ይሄድ ነበር። ሰውየው ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጅ እያሳደገ ይሆናል፣ ዳታው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ሥራው ካለቀ ለምን አልጠፋም? ማስቀመጥ ርካሽ ነው፤ ማጥፋት ግን ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይፈልጋል።

2024 ላይ የእንግሊዝ መከላከያም ደርሶታል። የሚኒስቴሩ ዋና ኔትወርክ አልተነካም፤ የተጠለፈው ለብቻው የቆመ፣ ኮንትራክተር የሚያስተዳድረው የደመወዝ ሲስተም ነው። የወታደሮች ስምና የባንክ ሒሳብ እዚያ ነበራ!

እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን 2015 ላይ ይፋ የሆነው፣ የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ጉዳይ ነው። ሃከሮቹ በሩን አልሰበሩም፤ ኪይፖይንት የሚባል የኋላ ታሪክ አጣሪ ድርጅት ሠራተኛ የሚገባበት ስምና ፓስዎርድ እጃቸው ገብቶ ነበር፣ እንደ ባለቤት ከፍተው ገቡ። 21.5 ሚሊዮን ሰው። ያውም የደኅንነት ማጣሪያ ቅጽ፦ ዕዳህ፣ የአእምሮ ሕክምናህ፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችህ፣ ስለ አንተ የሚመሰክር ጎረቤትህ ሳይቀር። እዚያ ቅጽ ላይ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ የተነካ፣ መንግሥት ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው አለ።

5.6 ሚሊዮን የጣት አሻራም አብሮ ሄዷል። ፓስዎርድ ቢሰረቅ ትቀይራለህ፤ አሻራ ግን አይቀየርም። ቢሮው ለተጎጂዎቹ የሰጠው ነጻ የማንነት ስርቆት ክትትል ነው፣ እሱም መጀመሪያ ለ3 ዓመት፣ ኮንግረስ ጣልቃ ሲገባ 10 ዓመት ሆነ።